ከጫግኒ ያመጣሁት ወባ

እንጅባራ ላይ ሰው ላብ ካላበው መጀመሪያ የሚጠየቀው "ጫግኒ ወርደህ ነበር?" ተብሎ ነው። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ድንች ጭኜ ወደዚያ ቆላ የምወርድ ነጋዴ ነኝ። በእንጅባራ ብርድ ሹራቤን አውልቄ ደጃፍ ላይ ስቀመጥ፣ ባሌም ጎረቤቱም ወባ ነው ብለው ፈረዱብኝ። በአንድ ክረምት አራት ጊዜ ጣቴን ተወጋሁ፤ አራቴም ወባ የለም ተባልኩ። ላቡ ግን አልተወኝም፣ እንቅልፍም የለኝ።

በአምስተኛው፣ ወደ ጤና ጣቢያው አዲስ የመጣች እኩያዬ የምትሆን ሲስተር ጣቴን ትታ፣ "የወር አበባ ካየሽ ስንት ጊዜሽ ነው?" አለችኝ።

"ዓመት ሊሞላኝ ነው። ድካም ነው ብዬ ተውኩት።"

"ወባ አይደለም እህቴ። ኢስትሮጅን የሚባል የሴት ሆርሞን አለ። የሚቀበለው ማህፀን ብቻ አይደለም፤ አንጎልም፣ አጥንትም፣ ደም ሥርም ይቀበሉታል። አሁን በዕድሜ የወር አበባሽ ሊቆም ሲል እሱ ስለሚቀንስብሽ ሰውነትሽ ሙቀቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ደም ሥርሽ ድንገት ይሰፋና ያልብሻል።"

"ታዲያ ስንት ቀን ይቆያል?"

ሲስተር ተነስታ መስኮቱን ከፈተች። ዝናቡ እስከ ጠረጴዛው ገባ። ግንባሯን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገችና በእኔው ካርድ ፊቷን እያራገበች፣

"እኔ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ" አለችኝ።