አምስት ሰው የተቀመጠበት ኮምፒውተር

ጽጌረዳ በአንድ መሥሪያ ቤት ለኮምፒውተር የሚገባውን ካርድ ትበሳለች። ሽሮ ሜዳ ግን ይህ አላስከበራትም፤ «ወረቀት ቀዳጇ» ነው የምትባለው። ምኞቷ አንድ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት የቀበሌው አዳራሽ ተፈቅዶላት የሰፈሩን ሴቶች ስለ ማሽኑ ማስተማር።

አዳራሹ በጓድ ወልዱ እጅ ነው። ጓድ ወልዱ የውይይት ክበባችን ኃላፊ፣ ሦስት ፓምፍሌት አንብቦ አራተኛውን የሚያብራራ ሊቅ ነው። ቅዳሜ የመፈክር ልምምድ አለ ባይ ነው። ብትወተውተው ጊዜ፣ ማሽኑ ለሰፊው ሕዝብ የሚገባ መሆኑን በውይይቱ ቀን አሳዪና እንወስናለን አላት።

ቀኑ ሲደርስ ወንበር ደርድራ አምስት ጎረቤቶቿን አስቀመጠች። በቀኝ ዳር ያለው ዋጋው አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፤ በግራ ዳር ሸማኔው ሾዴ ዐሥራ ስድስት። የቆመ ይቆጠራል፣ የተቀመጠ አይቆጠርም። ኮምፒውተር ከዚህ ሌላ አያውቅም፤ ወይ አለ፣ ወይ የለም። ስምንትና ሁለት ሲነሡ ዐሥር ሆነ። ጓድ ወልዱ አምስት ይታይ ሲል አራትና አንድ ተነሡ። ሾዴ ከሁሉ በልጦ ሳለ የሚያስነሣው በማጣቱ አኩርፏል።

ይሄኔ አባ ተክለሃይማኖት ዘግይተው ገቡ። የተቀመጡትም ብድግ አሉ። «ኖር!»

«በግዜር» አሉ አባ።

የጓድ ወልዱ ፊት በራ። «አምስት ብንለው ሠላሳ አንድ አወጣ። ማሽንሽ ዋሾ ነው፣ ጓዲት።»

«አልዋሸም። የቆመውን ቆጠረ። ለማን እንደተቆመ አያውቅም።»

«የፊውዳል ርዝራዥ ያለበት ማሽን ነዋ! አዳራሽ አይገባውም።»

«እርስዎም እኮ ቆመዋል፣ ጓድ ወልዱ» አለች ረጋ ብላ። «ስድስተኛ ወንበር ብንጨምርልዎ ሠላሳ ሁለት ነዎት። በድምሩ ስድሳ ሦስት።»

ዞር ብለን ብናይ ለካ ጓዳችን ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቀጥ ብሏል። ለቄስ መነሣት አድኃሪነት ነው እያለ ጆሯችንን ያደነቆረው ሰውዬ! አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አባ ነገሩ ባይገባቸውም «ቁጭ በሉ ልጆቼ» አሉ፤ ሁሉም ሲቀመጥ ማሽኑ ዜሮ ሆነ። ጓድ ወልዱም ወሬው ከፍ ወዳለው አካል ሳይደርስ አዳራሹን ፈቀደ። ግን የመጀመሪያው ትምህርት ማጭድ በመሣል ይሁን አለ።

ቅዳሜ ጽጌረዳ ሴቶቹን አምስት በአምስት ደረደረቻቸው። ሥዕልም እንደ ቁጥር ነው፤ በትንንሽ ካሬ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ወይ ነጭ ወይ ጥቁር ይሆናል አለቻቸው። ነጭ የሆነች ነጠላዋን ትከናነባለች፤ ጥቁር የሆነች ገልጣ ጥቁር ሻሿን ታሳያለች። ጓድ ወልዱ ከመድረኩ ሆኖ ቁልቁል አየና ተኮሳተረ።

«ይኼ የዣንጥላ እጀታ ነው።»

«ሰው ሲያንስ ሥዕል ይዶለዱማል» አለችው። «ካሬው በበዛ ቁጥር ይጠራል።»

በሳምንቱ ጓድ ወልዱ የመፈክር ልምምዱን ሰርዞ፣ ማጭዱ ይጥራ ብሎ ቀበሌውን በሙሉ እየነዳ አመጣላት። አዳራሹ ስለጠበባት ግማሹን ደጅ አውጥታ አስተማረች።