ከኋላ የቀደድኩት መጽሐፍ

እኛ ባለንበት፣ ሞያሌ በኬንያ በኩል፣ ፌስታል ክልክል ነው። ስለዚህ በርበሬና ሚጥሚጣ የምሸጠው በወረቀት እየጠቀለልኩ ነው። ወረቀቱ ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል ይመጣል፤ የድሮ ደብተር፣ የድሮ መጽሐፍ፣ ያገኘሁትን። ምን እንደተጻፈበት አላይም። ትምህርት ያቋረጥኩት ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ፊደሉን እለያለሁ፣ መስመሩ ሳያልቅ ግን ይደክመኛል። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነዋ የምውለው።

አንድ ቀን ልጄ ከክምሩ ውስጥ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ መዘዘች። "እማዬ፣ ይሄን እንዳትቀጂው" አለችኝ። ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ በቀትር፣ ታነብልኝ ጀመር። ሴቶችን የሚገድል ሰው አለ፤ ብቻቸውን አውቶቡስ የሚሳፈሩትን እየመረጠ። ሁለት መርማሪዎች ያድኑታል፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። እሱን ሲያድኑ እነሱ ይዋደዳሉ።

ልጄ በዚያው ሰሞን ናይሮቢ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝታ ነበር። የምትሄደው ብቻዋን፣ በአውቶቡስ። ሳልመርቃት እንደማትሄድ ነግራኛለች፤ እኔ ደግሞ ምርቃቱ ከአፌ አልወጣ አለ። ዛሬ ነገ ስል ሳምንት አለፈ።

መጽሐፉ ውስጥ አንዷ በሞተች ቁጥር "ሰማሽ?" እላታለሁ።

"አንቺ የምትሰሚው የሞቱትን ብቻ ነው። መርማሪው ጃኬቱን አውልቆ ሲያለብሳትስ የት ነበርሽ?"

"በርበሬ እየመዘንኩ።"

"እሱ ቢሆን አንቺንም ያስቅሽ ነበር።"

"የሚያስቀኝ ሰው ቢኖር እዚህ ቆሜ እውል ነበር?"

አንድ ቀን መርማሪዋ ራሷ ብቻዋን አውቶቡስ ተሳፈረች፣ ገዳዩ እንዲመጣ። መጣና ከኋላዋ ተቀመጠ። ልጄ ገጹን ገለበጠች። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

"እማዬ።"

"አቤት።"

"ቀሪው የት አለ?"

ወዲያው ገባኝ። ወረቀት ባለቀብኝ ቀን፣ ጥቂት ብቻ ብዬ፣ ከኋላ ቀድጄ ነበር። መጽሐፍ ሳይበታተን የሚቀደደው ከኋላ ነው፤ እጄ የለመደው ይሄንን ነው። ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ገዳዩን በርበሬ ጠቅልለሽበት ሸጥሽው" አለችኝ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ያቺ ሴት እዚያ አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጠች ቀረች፣ ሰውየው ከኋላዋ። ሚዛን ባነሳሁ ቁጥር ማጅራቷ ይታየኛል።

ዳበል ከሚባለው መንደር የምትመጣ ደንበኛ አለችኝ። በዚያ ወረቀት ከጠቀለልኩላቸው አንዷ ስለሆነች ጠየቅኳት።

"ወረቀቱን? እሳት ለኮስኩበት። በርበሬውን አትጠይቂኝም? እሱ ጥሩ ነበር።"

ልጄ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ በቀትር፣ ጆንያው ላይ ተቀመጠችና መጽሐፉን ገለጠችው። "መጨረሻውን ላንብብልሽ" አለች። ከየት አምጥታ ነው ብዬ ሚዛኑን አስቀመጥኩ። ሰውየው እጁን ሲዘረጋ ሴትዮዋ ዞራ አንጓውን ያዘችው፤ መርማሪው ጓደኛዋ በሚቀጥለው ፌርማታ ገብቶ አሰረው።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ወርዳ ስልኳን አወጣች። እናቷ ጋ ደወለች። 'ደርሻለሁ፣ በልቻለሁ፣ አታስቢ' አለቻት።"

መጽሐፉ ውስጥ እናት አልነበረችም። ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድም ቀን ስሟ አልተነሳም፤ ብትኖር አታመልጠኝም ነበር። እኔ እንዴት አድርጌ ላስቀራት ስል ከረምኩ፤ ልጄ ለካ እኔ እንዴት ሆኜ እንደምቀር ስታስብ ነው የከረመችው። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። በእሷ ዕድሜ ድንበሩን ብቻዬን የተሻገርኩ ነኝ፤ መንገድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ። "ነይ ወዲህ" አልኳት። ተንበረከከች። ራሷን ይዤ፣ "መንገዱ ይቅናሽ፣ ክፉ አይንካሽ" አልኩ። "አሜን" አለች። በርበሬው ፀጉሯ ላይ ቀረ።

በማግስቱ አውቶቡስ መሳፈሪያው፣ ስቴጅ ድረስ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ "ደርሻለሁ፣ በልቻለሁ" አለችኝ፣ ገና ሳትሄድ።

ሱቄ ስመለስ ደንበኛ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ወረቀት ደግሞ አልቋል። የቀረው መጽሐፍ ከሚዛኑ አጠገብ ነበር። አነሳሁትና ከባንኮኒው ሥር አስገባሁት። ደንበኛዋን መያዣ ዕቃ ይዘሽ ነይ አልኳት። ስልኬን መጽሐፉ በነበረበት ቦታ አስቀምጬ ቆምኩ።