ሳንጾም የጾምንበት ሆቴል

ማክሰኞ፣ መነሻ

ከደብረ ማርቆስ የተነሣነው የእናቴን ዓይን ለማሳከም ነው። ግራው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙም ሰውን ከዛፍ መለየት እያቃተው ነበር። ናይሮቢ የጭነት መኪና የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ አለሙ፣ ጥሩ ሐኪም አግኝቻለሁ ብሎ አስጠራን። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ቤት የዋልኩ ነኝ፤ ከሉማሜ ገበያ አልፌ አላውቅም ነበር።

አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ ሲወርድ እናቴ፣ «ገደሉ በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

«በአንቺ በኩል አይደለም» አልኳት። በእሷ በኩል ነበር።

ሐሙስ፣ ናይሮቢ

ስለ አውሮፕላኑ የምጽፈው የለኝም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የደረስኩት። አለሙ ተቀብሎን በቀጥታ ሐኪሙ ዘንድ ወሰደን። «ሰኞ ቀዶ ሕክምና አደርግላታለሁ፤ እስከዚያ በደንብ ትብላ። እንዲህ ደክማ ከመጣች አልነካትም፤ ዓይኑ ደግሞ ብዙ አይጠብቅም» ማለቱን ተረጎመልን።

ሆቴሉ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ከመስኮታችን የጎረቤት ግቢና የተሰጣ ልብስ ይታያል። ባለቤቷ ጠና ያለች የህንድ ሴት ናት። አለሙ፣ «ምግቡ ከኪራዩ ጋር ነው፤ ክፍላችሁ ድረስ ታመጣለች» ብሎን ጭነት ይዞ ወደ ሞምባሳ ሄደ። እስከ እሑድ አይመለስም። የእግሩ ድምፅ ከደረጃው ሲጠፋ በሩን ቆለፍኩት።

አመሻሹ ላይ ሴትዮዋ ሩዝና ምስር በትሪ ይዛ መጣች። እናቴ፣ «እንቢ በያት» አለችኝ በሹክሹክታ። እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ጥሪ እጁን የሚዘረጋ ስድ ነው፤ ሁለት ጊዜ እንቢ ተብሎ፣ በሦስተኛው «በሞቴ» ሲባል ነው የሚቀመሰው። የተማርኩት እንግሊዝኛ ለዚህ በቃኝ። «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኩ። ትሪውን ይዛ ወጣች።

«ሄደች?»

«ሄደች። ተከፍሎበታል እኮ፣ እማዬ።»

«ተከፍሎበታል ብለን እንስገብገብ? ትመለሳለች። ሰው በአንድ ቃል አይተውም።»

አልተመለሰችም።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ ጧት ዳቦና ሻይ አመጣች፤ ሁለተኛውን እንቢ አልን። ሦስተኛው ጥሪ አልመጣም። በሩን ከፍቼ እንዳልጠብቃት ኮሪደሩን ፈራሁ፤ በሌሎቹ ክፍሎች ያሉት የማላውቃቸው ወንዶች ነበሩ። ከቤት የያዝነውን በሶ ለእናቴ እያሸሁ፣ እኔም በልቻለሁ እላታለሁ። ቅዳሜ ረፋድ በሶው አለቀ።

ቀትር ላይ እናቴ ከአልጋዋ ስትነሣ ጉልበቷ ከዳት። ደግፌ አስቀመጥኳት፤ እጇ በረዶ ሆኗል። ሐኪሙ «አልነካትም» ያለው ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ወደ በሩ ስሄድ ሰማችኝ።

«የሰው ደጅ ምግብ ልትለምኝ? በቁሜ አታዋርጂኝ።»

«ስትድኚ፣ እማዬ፣ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ትቆጪኛለሽ።»

ግድግዳውን ተደግፌ ወረድኩ። ሴትዮዋ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ስታየኝ ፊቷ አልተፈታም። የማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋብኝ። «ማዘር» አልኩ፣ ቆይቼም «ፉድ፣ ፕሊዝ»። ቢላዋዋን አስቀመጠች። እጇን እያሳየች፣ ድስቷን እያሳየች፣ «ኖ፣ ኖ» ያልኩትን ደገመችልኝ። እጇን የተጸየፍነው መስሏት ኖሯል። ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ብል ደንግጣ ትከሻዬን ያዘችኝ።

ምስሩን ራሷ ይዛ ወጣች፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እናቴን በማንኪያ አበላቻት። እናቴ ከጥቂት ጉርሻ በኋላ፣ «በቃኝ በያት» አለችኝ።

«ሞር» አልኳት ለሴትዮዋ፤ ጨምሪላት ማለቴ ነበር።

ሰኞና ከዚያ በኋላ

እሑድ የተመለሰው አለሙ ሐኪሙ ዘንድ ወሰደን። ሐኪሙ የእናቴን ክንድ ዳበሰ። እሺ ብሎ ቀዶ ሕክምናውን አደረገላት። የዓይኗ ፋሻ እስኪፈታ ድረስ በየቀኑ፣ ያን ቅዳሜ ምግቡን የጠየቅኩት ዘግይቼ ቢሆንስ እያልኩ ስሰጋ ከረምኩ። ተፈታ። ግራው እንደጠፋ ቀረ። በቀኙ ፊቴን ረጅም ጊዜ አየችና፣ «በሶውን በልቻለሁ ያልሽኝ ውሸትሽን ነበር። ምን አክለሻል» አለች።

ቤታችን ስንገባ ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀን መጣ። «አገሩ እንዴት ነው?» ሲሉኝ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ዛሬም ሰው ፊት እንዲያ ነኝ። ጉዞው ፍርሃቴን አልወሰደልኝም፤ እየፈሩም መናገር እንደሚቻል ነው ያስተማረኝ። እናቴ ግን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ፣ የሚገባውን ሁሉ ገና አፉን ሳይከፍት በስሙ እየጠራች፣ ማን እንደሸበተ ማን እንደወፈረ ትነግረው ነበር።