«በላሁ» በይ

ክፍሌ ሥርዓት ነበረው። ሰኞ የሳምንቱ ፊደል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ማክሰኞ ያንኑ ፊደል አሸዋ በሞላው ሣጥን ላይ በጣት እንጽፋለን። ረቡዕ ቁጥር ነው፤ ሐሙስ ጥፍርና ፀጉር አያለሁ። ዓርብ በየልጁ የመገናኛ ደብተር ላይ ለወላጅ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፌ፣ ኮከብ ለጥፌ እልካለሁ። ከኮሌጅ እንደወጣሁ የተሰጠኝ ይህ ኬጂ አንድ፣ በሀና ማርያምና በሀይሌ ጋርመንት መካከል ያለ የኪራይ ቪላ ሳሎን ነበር። የሳሎኑ እሳት ማንደጃ የጫማ መደርደሪያ ሆኗል።

ለሁሉም ነገር ደንብ አወጣለሁ፤ የደንቡንም ምክንያት አስረዳለሁ። እጅ ለምን እንደሚታጠብ፣ ሰልፍ ለምን በቁመት እንደሚሆን፣ እርሳስ ለምን በሦስት ጣት እንደሚያዝ። ሞግዚታችን፣ በዕድሜ እናቴን የምታክል ሴት፣ መወልወያዋን ተደግፋ ትሰማኝና «ሚስዬ፣ ለፓርላማ ነው እንዴ የምታስረጂው?» ትለኛለች። ልጆቹ የአራት ዓመት ልጆች ነበሩ።

የምሳም ደንብ ነበረኝ። ልጁ ይበላል፤ ሲጨርስ ምሳ ዕቃውን ራሱ ዘግቶ እጁን ያወጣል። እኔ አጠገቡ ስደርስ ጮክ ብሎ «በላሁ» ይላል፤ ከዚያ ለመጫወት ይወጣል። የተዘጋ ምሳ ዕቃ አልከፍትም። ልጅ የታመነ እንደሆነ ሲያውቅ እውነት መናገር ይለምዳል ብለው አስተምረውኛል፤ እኔም አምኜበት ነበር።

ልጅቷ የመጣችው ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነው። እናቷ ሀይሌ ጋርመንት፣ ታክሲ መያዣው ጥግ፣ ጎመንና ሰላጣ ትሸጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያችንን ትጠርግ ስለነበር የትምህርት ቤቱ ባለቤት ልጇን በነፃ ተቀበለችላት። ልጅቷ እስከዚያ ድረስ ያደገችው ከከተማው ወጣ ብሎ አያቷ ዘንድ ነው። ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ አትሰማም። እኔ ደስ አለኝ። ከዜሮ የማስተምረው ልጅ አገኘሁ አልኩ።

በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ከሁሉም ቀድማ እጇን አወጣች። ምሳ ዕቃዋ ፊቷ ተዘግቶ ተቀምጧል። ጎንበስ አልኩላት። ዓይን ዓይኔን እያየች «ቤላ» አለችኝ።

ዝምታ ነበር የጠበቅኩት። ቃል ሲወጣት ልቤ ሞቀ። ስህተቱን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አጠገቧ ያለውን ልጅ እያሳየሁ «እሱ፣ በላ» አልኳት። ሌላዋን እያሳየሁ «እሷ፣ በላች»። ከዚያ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «እኔ፣ በላሁ። በላሁ በይ» አልኩ። አፌን እንደ መስታወት ስታይ ቆየች። ልጆቹ «ቤላ፣ ቤላ» እያሉ ሳቁባት፤ ተቆጣኋቸው። በሁለት ቀን ውስጥ «በላሁ» ማለት ቻለች። «ሁ»ዋ ሳትቀር ጥርት ያለች። ዓርብ ደብተሯ ላይ «ምሳዋን በሚገባ ትበላለች፤ ሐሳቧን በራሷ መግለጽ ጀምራለች» ብዬ ጻፍኩ። ኮከብም ለጠፍኩ። እናቷ ማንበብ እንደማትችል ያወቅኩት በኋላ ነው። ኮከቡን ግን ታውቀው ነበር።

በየሳምንቱ ሰኞና ማክሰኞ ፍርፍር ስትበላ በዓይኔ አይቻለሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ግን ምሳ ዕቃዋ እንደተዘጋ እጇ ይወጣል። ቶሎ ጨረሰች እላለሁ። ጠዋት በሰልፍ ላይም ቀሚሴን ስባ «በላሁ» ትለኛለች። ቁርሷን ማለቷ ነው ብዬ «ጎበዝ፣ የኔ ቆንጆ» እላታለሁ። አንዳንዴ አጨበጭብላታለሁ። እሷ እጆቼን ታያለች፤ ማጨብጨብ ካቆምኩ በኋላም ባዶ እጆቼን ታያለች።

የማስታወሻ ደብተሬ እስካሁን አለ። «ሐሙስና ዓርብ ትተኛለች፤ ትኩረቷ ይቀንሳል። ከባድ ትምህርት ሰኞ ይሰጣት» ይላል። ከሥሩ አስምሬበታለሁ። ይህን በማስተዋሌ ኮርቼ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ አንድ ልጅ ዳቦዬ ጠፋ ብሎ አለቀሰ። በማርመላታ የተቀባ ዳቦ ነው፤ እናቱ በየቀኑ በፎይል ጠቅልላ የምትይዝለት። ልጆቹን ክብ አስቀመጥኳቸው። የሰው ዕቃ ለምን እንደማይወሰድ አስረዳሁ። ከዚያ ማን እንደበላው ጠየቅኩ። ጎኗ የሚቀመጠው ልጅ በጣቱ አሳያት፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ፊቷ ተንበርክኬ፣ ድምፄን ለስለስ አድርጌ፣

«ዳቦውን አንቺ ነሽ የበላሽው?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«በላሁ» አለች።

እውነት በመናገሯ በክፍሉ ፊት አመሰገንኳት። ቀጥዬ የማሰቢያው ወንበር ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ አስቀመጥኳት። የማሰቢያ ወንበር ቅጣት እንዳልሆነ፣ ልጁ ስላደረገው ነገር የሚያስብበት ቦታ እንደሆነ ለሁሉም አብራራሁ። አላለቀሰችም። ትንሽ ቆይታ ዞር አለችና እንደገና «በላሁ» አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ያልሰማኋት መስሏት። «አዎ፣ ሰምቻለሁ» አልኳት።

ስርቆት ለቢሮ ይነገራል፤ ደንብ ነው። ነገርኩ። ዓርብ የትምህርት ቤቱ ባለቤት እናትየውን አስጠርታ አነጋገረቻት። እኔ ደብተሩን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ኮከብ አልለጠፍኩም። እናትየው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች ሰማች። ከዚያ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት የዳቦው ባለቤት እናት ልጇን ስታስገባ እየሳቀች ነበር። «ሚስ፣ ለካ ያ ዳቦ ከመኪናው ወንበር ሥር ወድቆ ኖሯል። ቅዳሜ መኪና ሲታጠብ ነው የተገኘው» አለችኝ። እኔም አብሬያት ልስቅ አፌን ከፈትኩ።

የልጅቷ ወንበር ባዶ ነበር።

በዕረፍት ሰዓት ሞግዚቷን ፈልጌ ሄድኩ። በምሳ ሰዓት ከነርሰሪ ሕፃናቱ ጋር ስለምትሆን ነገሩን አላየችም። ያልበላችውን ለምን በላሁ ትላለች፣ ፈርታ ይሆን ብዬ ጠየቅኳት። ኮሪደሩን እየወለወለች ነበር።

«ስትመጣ ምን ነበር የምትለው? በላሁ ሳታስተምሪያት በፊት።»

«በላ። እንዲያውም በደንብ አትለውም ነበር፤ ቤላ ነው የምትለው።»

መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነከረችው፤ አላወጣችውም።

«ቤላ በኦሮምኛ ረሃብ ነው፣ ሚስዬ። ርቦኛል እያለችሽ ነው።»

ክፍል ገብቼ የሳምንቱን ፊደል ለጠፍኩ። ልጆቹ ተቀብለው አሉት። ከዚያ ያለፉትን አምስት ሳምንታት፣ ቀን በቀን፣ እንደ ልማዴ በቅደም ተከተል አሰብኳቸው። በሰልፍ ላይ ቀሚሴን የሳበችበትን። ያጨበጨብኩበትን። ወንበሩን።

ከሰዓት በኋላ ለትምህርት ቤቱ ባለቤት ሁሉንም ነገርኳት። ጥሩ ሰው ናት፤ አዘነች። ቦታው ግን ዓርብ ማታ በስልክ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል አለች። የሚቀጥለው ዓመት እናያለን አለችኝ።

ወደ ቤቴ ወደ ጎፋ የሚወስደኝን ታክሲ ትቼ ሀይሌ ጋርመንት ወረድኩ። እናትየው ጎመኑን በእስር በእስር ደርድራ ውኃ ትረጭበታለች። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ዳቦውን፣ መኪናውን፣ ቤላንና በላን። ቃሉ ላይ ስደርስ መርጨቷን አቆመች። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ለመገበያየት ተምራዋለች። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እኔ ጠይቄያት ነበር» አለች። «ማታ፣ በቋንቋችን። አልበላሁም አለችኝ። እርስዎ መምህር ነዎት። መምህር ይዋሻል? መታኋት።»

ልጅቷን ቅዳሜ አያቷ ዘንድ መልሳታለች። ምሳ ዕቃውን ለምን ባዶውን እንደምትልከው ጠየቅኳት፤ መጠየቅም አልነበረብኝም። ደንቡ ያለ ምሳ ዕቃ አትግባ ይላል አለች። ከረቡዕ ጀምሮ የሚጨመርበት ሲጠፋ፣ ልጇ ከሌሎቹ እንዳታንስ ዕቃውን ብቻ ትሰጣት ነበር።

ልጅቷን ላናግራት ብዬ ለመንኳት። ስልኳን ከጡት መያዣዋ አውጥታ ደወለች፤ ለረጅም ጊዜ በኦሮምኛ አወራችና ሰጠችኝ። በወዲያኛው በኩል ትንፋሽ ይሰማኛል። ይቅርታ እንዴት እንደሚባል በቋንቋዋ አላውቅም፤ ሞግዚቷን መጠየቅ ነበረብኝ። በአማርኛ ስሟን ጠራሁ። እኔ ነኝ፣ ሚስ ነኝ አልኳት። ደህና ነሽ ወይ አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«በላሁ» አለች፤ ጥርት አድርጋ፣ ልክ እንዳስተማርኳት።

በልታ ይሁን ርቧት፣ ዛሬም አላውቅም።