የሄር ብራንድ ጥቁር ደብተር

ትናንት የቅዳሜ አማርኛ አስተማሪያችን «ጽሑፍሽ ለማኅበራችን መጽሔት ተመርጧል፤ ሌላም ጨምሪ» ሲሉኝ ትራም እንኳ አልጠበቅኩም፤ እስከ ሰፈራችን እስከ ግሪስሃይም እየሮጥኩ መጣሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስሜን ታትሞ ላየው ነው! መጀመሪያ የነገርኩት ከእኛ በታች ለሚኖሩት ለሄር ብራንድ፣ በእኛ አባባል ለአቶ ብራንድ፣ ነው። ወዲያው ጥቁር ደብተራቸውን አወጡና ጻፉት። ያ ደብተር ስንት ቀን እንቅልፍ እንደነሳን ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

ሄር ብራንድ ወደዚህ ሕንፃ ሲገቡ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ኅዳር ነው፤ የማይን ወንዝ ጉም ደረጃችን ድረስ ይገባል፣ ኮሪደሩ የተቀቀለ ጎመን ይሸታል። ባለ ነጭ ጢም ጀርመናዊ ባርኔጣቸውን አንሥተው አባዬን በአማርኛ «እንደምን አመሹ? ባለቤትዎ ደኅና ናቸው? አገር ቤትስ፣ እናትዎ?» አሉት። አባዬ የድንች ከረጢቱን ሊጥለው ምንም አልቀረው። ከድንጋጤው ብዛት «ደኅና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ብቻ ያማቸዋል» አለ።

ያገራችን ሽማግሌ ቢጠይቁት ቆሞ አንድ ሰዓት ያወራ ነበር። ፈረንጅ ሲጠይቀው ግን ምርመራ ሆነበት። በዚያ ላይ ሰውየው የፖስታ ሳጥኖቹ ጋ ቆመው ሲጽፉ አየናቸው።

«አየሽ? መዘገበን!» አለኝ አባዬ በሹክሹክታ። «ድሮ አዲስ አበባ ኤምባሲ ነበርኩ ይላል። ዲፕሎማት ደግሞ ጡረታ አይወጣም።»

የጥገኝነት ጉዳያችን ገና አልተወሰነም ነበር። አባዬ የመጨረሻው ቴርሚን፣ የውሳኔው ቀጠሮ፣ ቀርቦበታል፤ እምቢ ካሉን መመለሳችን ነው። ስለዚህ ትእዛዝ ወጣ፦ «ደኅና» ከማለት ሌላ ትንፍሽ እንዳትሉ! ሄር ብራንድ ግን በሳምንቱ የእናቱን ጉልበት ጠየቁት፤ እኔንም የሒሳብ ፈተናዬን። ፈተናውን ማን ነገራቸው? እኔው ነኛ። ቴርሚኑንም ጭምር። ለአባዬ ግን አልተናዘዝኩም።

አንድ ቀን ደብተሩን የፖስታ ሳጥኑ ላይ ረስተውት አገኘሁ። አባዬ በሩን ቆልፎ «አንብቢልኝ» አለ፤ የጀርመኖች የእጅ ጽሑፍ ያስቸግረዋል። አነበብኩለት፦ «ሦስተኛ ፎቅ። እናትየው፣ ጉልበት፤ ጠይቅ። ልጅቷ፣ ሒሳብ፤ ጠይቅ። አባትየው፣ ሐሙስ ቴርሚን፤ ጠይቅ።» የፊተኞቹ ገጾች ሊማ ከተማ ሲሠሩ የጻፏቸው ነበሩ፦ የዘበኛው ሕፃን ጥርስ፣ የአንድ ሚኒስትር ሚስት ጉንፋን።

«ይኸው! ስለላ ማለት ይሄ ነው!» ብሎ አባዬ ይዞኝ ወደ ሄር ብራንድ ወረደ።

ሄር ብራንድ አልተቆጡም። «ወጣት ሆኜ አዲስ አበባ እንደተላክሁ የኤምባሲው ሾፌር ‹የሰው ቤተሰብ ሳይጠይቁ ጉዳይ አይጀመርም› ብሎ ገሠጸኝ። እኔ ደግሞ ረሺ ነኝ፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። ካርቱምም ሊማም እንዲሁ ስሠራ ኖርኩ።»

«አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ለማን ነው የሚጽፉት?» አላቸው አባዬ።

ሄር ብራንድ ደብተሩን ተቀብለው ገለጡት። ከዚያ የእኛን ገጽ ቀደው ሰጡት።

ሐሙስ አባዬ «መኖር ትችላላችሁ» ተብሎ አብረን ስንመለስ ሄር ብራንድን ደረጃው ላይ አገኘናቸው። ባርኔጣቸውን አነሡ፣ «እንደምን አመሹ» አሉ፣ አለፉ። አባዬ እዚያው ቆሞ ቀረ።

«እንዴት አይጠይቀኝም?» አለ እንደተቀየመ ሰው። ካፖርቱን ሳያወልቅ የተቀደደውን ገጽ ከመሳቢያ አውጥቶ ሊመልስላቸው ወረደ። የተመለሰው የፖም ወይን እየሸተተ ነው።

ዛሬም ሙሉ በሙሉ አያምናቸውም። «ሰው ያለ ምክንያት አይጽፍም» ይላል። እውነቱን ነው፤ እኔም ይኸው ስለ ጎረቤቴ ጻፍኩ።

ሄር ብራንድ በሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ በማኅበራችን አዳራሽ ስለ ኤምባሲ ዘመናቸው ያወራሉ፤ «ሁሉንም ጥሪልኝ» ብለውኛል። ኑ! «እናትዎስ?» ቢሏችሁ አትደንግጡ፤ ንገሯቸው። አባዬም ይመጣል፤ የሚቀመጠው ግን በሩ አጠገብ ነው።