ያልመለስሁት የአቶም ጥያቄ

ወረታ ስመደብ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ እንዳስተምር ነው የተላክሁት። ትምህርት ቤቱ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና አራት ተማሪ ተደርቦ የሚያነበው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረው። የላቦራቶሪ ዕቃ የሚባል ነገር አልነበረም።

ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ዲያቆን ነበር፤ ከወረታ ወጣ ብሎ ያለው የቁሐር ሚካኤል ሰው። ዓመታት ቅኔ ቤት ከርሞ የመጣ ስለሆነ በዕድሜ ይበልጠኛል። እንደ ሌሎቹ «ጋሼ» አይለኝም፤ በለመደው አፉ «የኔታ» ይለኛል። ክፍሉ ሲስቅ እሱ አይስቅም።

በጥቅምት የአቶምን አሠራር ማስተማር ጀመርሁ። ሰሌዳው መካከል አስኳሉን፣ በዙሪያው ኤሌክትሮኖቹን ሣልሁ።

«አስኳሉ የሽምብራ ፍሬ ቢያህል፣ ኤሌክትሮኖቹ የሚዞሩት ከገበያው ማዶ ነው» አልኋቸው። «በመካከሉ ያለው ባዶ ነው።»

ዲያቆኑ ተነሣ።

«የኔታ፣ ይህ ጠረጴዛ ከአቶም ነው የተሠራ ብለውናል። እጄም ከአቶም ነው። ሁለቱም ባዶ ከሆኑ» አለና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ አደረገው፤ «እጄ ለምን አያልፍም?»

አላውቅም ነበር። እኔም አቶምን የተማርሁት ለፈተና ሸምድጄ ነው፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝም፣ የጠየቅሁትም ሰው የለም። አላውቅም ማለት ግን አቃተኝ።

«እዚህ ቅኔ ቤት መሰለህ? የተጻፈውን ተማር! ቁጭ በል!» አልሁት።

ክፍሉ ሳቀ። እሱ ተቀመጠ። በማግሥቱ አልመጣም። ሳምንት አለፈ። የሽምብራ ዘር ይዞት ይሆናል ብዬ ራሴን ሳታልል ሰነበትሁና ያገሩን ልጅ ጠየቅሁት።

«መጠየቅ ካስቆጣ እዚያ ምን እሠራለሁ ብሏል» አለኝ።

ቅዳሜ ወደ ቁሐር ሄድሁ። ሜዳው ላይ የተኛው የክረምት ውኃ ገና አልደረቀም። ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ ጫማዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ የዋልካው ጭቃ እግሬን እየያዘኝ ደረስሁ። አባቱ ልጆች የሚያስተምሩ ቄስ ናቸው፤ ደጃቸው ላይ ገመድ ሲገምዱ አገኘኋቸው።

«ልጄ ምን አጠፋ?» አሉኝ፣ ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው።

«እሱ አላጠፋም፣ አባ። የጠየቀኝን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ላለማለት ተቆጣሁት።»

ገመዱን አስቀመጡ።

«እኔ ያልደረስሁበት ሲገጥመኝ ተማሪዬን ከእኔ ወደሚበልጥ መምህር እሰደዋለሁ። አንተስ የሚበልጥህ የለህም?»

«አዲስ አበባ አንድ አስተማሪ አለኝ።»

«እንግዲያ ጻፍለታ!»

ዲያቆኑ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ከማሳ መጣ። ይቅርታ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና፣ «ነገ ቅዳሴ አለብኝ፤ ሰኞ እመጣለሁ» አለ። ሰኞ መጣ።

ለቀድሞ አስተማሪዬ ጻፍሁ። መልሱ የደረሰኝ የገና በዓል ካለፈ በኋላ ነው። የእጅና የጠረጴዛው ኤሌክትሮኖች ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ፤ ጠንካራ ብለን የምንዳስሰው ያን መገፋፋት ነው ይላል። ከታች ደግሞ፣ ሰሌዳ ላይ የምንሥለው ክብ መንገድ ለጀማሪ የሚሆን ሥዕል እንጂ የአቶም መልክ እንዳይደለ ጨምሮ ነበር። ይህንንም አላውቅም ነበር።

ደብዳቤውን ክፍል ውስጥ ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁላቸው። ሐሙሲት ከተማ ካለ ሬዲዮ ጠጋኝ ሁለት ማግኔት ለምኜ ስለነበር፣ የሚገፋፋውን ጎን ፊት ለፊት አድርጌ በየተራ እንዲይዙት አዞርሁላቸው።

«ይህ ምሳሌ ነው እንጂ ራሱ አይደለም» አልሁ።

ዲያቆኑ ደጋግሞ ሊያጋጥማቸው ሞከረ። ማግኔቶቹ እየተንሸራተቱ እምቢ አሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አለፈ። ጎንደር ሄዶ እንዲቀጥል ብወተውተውም አባቱ ታመው ስለነበር አልሄደም፤ በኋላ በእሳቸው ቦታ ቀሰሰ። እኔ ወደ አንበሳሜ ትምህርት ቤት ከተዛወርሁ በኋላ ከቁሐር ድረስ ሁለት ልጆች ይዞ መጥቶ፣ ሰባተኛ ክፍል እንዳስመዘግብለት ጠየቀኝ። አንደኛዋ እኅቱ ነበረች፤ ሌላው እሱ የሚያስተምረው ልጅ።