ጋሼ ዝም ያሰኙት መብራት

አጎቴ ሮቤ ከተማ ውስጥ ባለው የጥገና ሱቃችን በር ላይ የሰቀሉት፣ እንደ ወረቀት የሳሳ የማስታወቂያ መብራት ዛሬም ይጮኻል። የሚጮኸው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሳጥኑ ነው። ፍሪኩዌንሲውን፣ ማለትም የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት፣ የሚያስተካክሉት በጆሯቸው ነበር፤ ጩኸቱ እስኪጠፋቸው ድረስ ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን ካፓሲተር የምትባል ዕቃ እያሳነሱ ይቀይራሉ። ካፓሲተሩ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ድምፅ ደግሞ ከሽማግሌ ጆሮ ያመልጣል፣ ከእኛ ግን አያመልጥም።

«ጨሊሴ፣ ዝም አለ» በኦሮምኛም በአማርኛም ብለው መሣሪያቸውን ይሰበስባሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ጆሮዬን ሊበሳው ነው» ስላቸው፣ «ጆሮህን ታጠብ» ይሉኛል። ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን።

ጋሼ አርፈው አርባቸው ከወጣ በኋላ፣ ድምፁ ወፍሮ ጆሮ እንዳይበሳ ተለቅ ያለ ካፓሲተር ይዤ ልቀይረው መሰላል ላይ ወጣሁ። ጩኸቱን ጥቂት ሰማሁትና ሳልነካው ወረድኩ።

ትናንት አንድ ደንበኛ «ይሄ ነገር አይጮኽም እንዴ?» ሲለኝ፣ «ጆሮህን ታጠብ» አልኩት።